መብት፣ ጽሑፍና ጊዜ፦ የቤት፣ የሥራና የውርስ ሕግ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ



በጎንደር ከተማና ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባለው ደጋ፣ ማለትም በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ፣ ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ይዘዋቸው የሚቀርቡ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች የሚነሡ ናቸው፤ እነርሱም ቤትና መሬት፣ ሥራና ደመወዝ፣ እንዲሁም ውርስ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚባለው ወንጀል ያልሆነ፣ ሰው ከሰው ጋር በንብረት፣ በውልና በቤተሰብ ግንኙነት ምክንያት የሚከራከርበት ጉዳይ ነው። የዚህ ዲስኩር ዓላማ በእነዚህ ሦስት መስኮች መብቱን የሚያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው ሕግ የሰጠውን መብት በተገቢው ፎርም ባለማስቀመጡና በተወሰነው ጊዜ ባለመጠየቁ መሆኑን ማስረዳት ነው። ፎርም ሲባል አንድ ሕጋዊ ተግባር እንዲጸና የሚያስፈልገው ሥርዓት፣ ለምሳሌ ጽሑፍ፣ ፊርማ፣ ምስክርና ምዝገባ ሲሆን፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሳይጠየቅ የቀረ መብት በክስ እንዳይጠየቅ የሚያደርገው ደንብ ደግሞ ይርጋ ይባላል።

ጽሑፍና ምስክር ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደሉም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ጎንደር መናገሻም የሕግ ትምህርት ማዕከልም ሆና ቆይታለች፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በሊቃውንቱ ጉባኤ እየተነገረና እየተተረጎመ ለዳኞች ዋቢ ይሆን ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በከተማዋ የሚደረግ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ የነበረ ሲሆን፣ በየጽሑፉ የሻጭና የገዢ ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋ፣ እንዲሁም ነገሩን ያዩና የሰሙ ምስክሮች ስም ይሰፍር ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን መዛግብት ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቀሱ ናቸው፤ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚም የመሬት ሰነዶቹን በመረመረበት ጥናቱ ሴቶች በባለመሬትነት፣ በሻጭነትና በወራሽነት ደጋግመው እንደሚገኙ አሳይቷል።

በገጠሩ ግን የመሬት መብት ከወረቀት ይልቅ በዘር ቆጠራና በምስክር ቃል ላይ የቆመ ነበር። ርስት ማለት አንድ ሰው መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው ዋና አባት በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል መወለዱን ቆጥሮ የሚጠይቀው፣ ለልጅና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የመሬት ድርሻ ሲሆን፣ ጉልት ደግሞ በመሬቱ ላይ ከሚኖረው ገበሬ ግብር የመሰብሰብ፣ ብዙ ጊዜም የመዳኘት መብት ነበር። ወንድም ሴትም በሁለቱም ወገን ርስት መቁጠር መቻላቸው ለብዙ ሰው የመጠየቂያ በር የከፈተ ቢሆንም፣ ርስት በዘመን ብዛት አይጠፋም የሚለው ጽኑ እምነት አንዱን ሙግት ለሚቀጥለው ትውልድ እያስተላለፈ እንዲኖር አድርጎታል። ይህ እምነት እስከ ዛሬ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ መኖሩ፣ ኋላ እንደሚታየው፣ በዘመናዊው የይርጋ ደንብ ፊት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ዛሬ የሚሠራው ሥርዓት በሦስት ታላላቅ ለውጦች የተገነባ ነው። መጀመሪያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውልን፣ ኑዛዜንና ውርስን ለመላ አገሪቱ በአንድ ሥርዓት አስቀመጠ፤ ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 እና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ርስትንና ጉልትን ሻሩ፤ በመጨረሻም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጎንደሬ በመሬት ላይ ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ይኸውም በመሬቱ የመጠቀም፣ ሕጉ በፈቀደው መጠን የማከራየትና የማውረስ መብት ሲሆን፣ በመሬቱ ላይ በገንዘቡና በጉልበቱ ያፈራው ቤት፣ ዛፍና አጥር ግን የግል ሀብቱ ነው።

በከተማው ውስጥ ቤት ስለመግዛትና ስለመሸጥ ሲታሰብ አስቀድሞ መለየት ያለበት የይዞታው ዓይነት ነው። ነባር ይዞታ የሚባለው የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ ሲሆን፣ የሊዝ ይዞታ ደግሞ ቦታውን ለተወሰኑ ዓመታት ለመጠቀም ለመንግሥት ክፍያ እየተከፈለ የሚያዝ ነው። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍ ይዞታው ነባር እንደሆነ የሚቀጥል ሲሆን፣ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ግን ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። አንድ አባት ቤቱን በሕይወት ሳለ ለልጁ በስጦታ ቢያስተላልፍና ልጁ ያንኑ ቤት ከሞት በኋላ ቢወርስ ውጤቱ አንድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በክፍያ በኩል ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ዓይነት፣ በተለምዶ የቀበሌ ቤት የሚባለው፣ ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የተነሣ በመንግሥት እጅ ያለ የኪራይ ቤት ሲሆን፣ ተከራዩ አርባ ዓመት ቢኖርበትም ቤቱ የተከራዩ ሀብት ስላልሆነ በውርስ ክፍፍል ውስጥ አይገባም።

በቤት ሽያጭ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው በተለምዶ የመንደር ውል የሚባለው፣ ሻጭና ገዢ በሽማግሌዎች ፊት በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመው የሚለያዩበት ስምምነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ የሕግ ትርጓሜው በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድደው ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህ ሥርዓት ያልተሟላበት የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደ ረቂቅ እንጂ እንደ ጸና ውል እንደማይቆጠር አስቀምጧል። ኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ያልካደበት ሁኔታ ተለይቶ የታየ ቢሆንም፣ በሻጩ አለመካድ ላይ ተስፋ ጥሎ ቤት መግዛት በሻጩ ልጆች ቸርነት ላይ ተስፋ መጣል ነው፤ ሻጩ ሲሞት ውሉን የሚክዱት ወይም የሚያምኑት እነርሱ ናቸውና።

ከዚህ ጋር ተያይዘው የሚነሡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቀብድ ነው፤ ቀብድ ውል መኖሩን ለማረጋገጥ አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ ሲሆን፣ በሕጉ መሠረት ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሁለተኛው የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ነው፤ በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ቤት ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ሀብት እንደሆነ ስለሚገመት፣ ባል ብቻውን ወይም ሚስት ብቻዋን የሸጡት ቤት ሽያጩ እንዲፈርስ በሌላው ሊጠየቅበት ይችላል። ሦስተኛው ውክልና ነው። ከጎንደር ወጥተው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን በወንድም ወይም በዘመድ በኩል የሚያስተዳድሩ ሲሆን፣ ቤት ለመሸጥ ግን አጠቃላይ የአስተዳደር ውክልና አይበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የተጻፈበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩ ሲሞትም፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ስለዚህ ከሞቱ በኋላ በዚያ ወረቀት የሚደረግ ሽያጭ በወራሾች ፊት መቆሚያ የለውም።

በደጋው ገጠር የክርክሩ ገጽታ ሌላ ነው። በአማራ ክልል ለገበሬው የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ በተለምዶ አረንጓዴ ደብተር የሚባለው፣ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ለመበለቶች ትልቅ ጋሻ ሆኗል። ባል ሲሞት ለውርስ የሚቀርበው የእርሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ የሚስት ድርሻ የማንም ውርስ ስላልሆነ፣ የባል ወንድሞች ወይም ከሌላ የተወለዱ ልጆች በእርሷ ድርሻ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ መሠረት የለውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ማስተላለፍ፣ እንዲሁም በውርስ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል። በመሆኑም በደብተሩ ላይ ስሟ ያልሰፈረ ወይም ጋብቻዋ ከምዝገባው በኋላ የተፈጸመ ሴት፣ ባሏ በሕይወት ሳለ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ማስተካከሏ በኋላ ከሚመጣ ሙግት ያድናታል።

የገጠር መሬት የሚወረሰው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የመሬት ሕግ አለው። በክልሉ አስቀድሞ አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ በፌዴራል ደረጃም በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 የይዞታ መብትን በኪራይ፣ በስጦታና በውርስ ማስተላለፍን የሚመሩ ሲሆኑ፣ ከእርሻ ሥራ ጋርና ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር በመብቱ አተላለፍ ውስጥ ክብደት ሲሰጠው ቆይቷል። ማሳዎች በየትውልዱ እየጠበቡ በሄዱበት ደጋ አንድ አባት ለልጆቹ በሠርጋቸው ጊዜ ቦታ እየቆረሰ በቃል ማካፈሉ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ያ ክፍፍል በደብተር ላይ እስካልሰፈረ ድረስ አባት ሲሞት ሁሉም ነገር እንደገና ይከፈታል። አቅመ ደካማ ሰዎችና መበለቶች መሬታቸውን በእኩል ወይም በሲሶ ሰጥተው ሲያሳርሱም እንዲሁ ነው፤ አራሹ ዓመት ቆጥሮ ባለይዞታ ነኝ እንዳይል የኪራዩና የእኩሉ ውል በጽሑፍ መደረግ፣ ረዘም ላለ ዘመን የሚቆየውም በጽሕፈት ቤቱ መመዝገብ ይኖርበታል። መሬት መሸጥ የተከለከለ በመሆኑ አንዳንዶች ሽያጩን በብድር ወይም በረጅም ኪራይ ስም ይሸፍኑታል፤ እንዲህ ያለው ውል ግን ሕገ ወጥ ዓላማ ያለው በመሆኑ ገዢ ነኝ ያለውን ሰው ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። መሬቱን በጉልበት ወይም በማታለል የተነጠቀ ባለይዞታ ደግሞ ሁከት ይወገድልኝ የሚለውን ክስ ማቅረብ ያለበት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

ከሦስቱ መስኮች ስፋት ያለው ውርስ ነው። ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ንብረት የሚተላለፈው በሕጉ በተዘረዘረው ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው። በመካከላቸው ወንድና ሴት፣ ታላቅና ታናሽ፣ ከጋብቻ ውስጥ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ የተወሰደም ቢሆን ልዩነት የለም፤ አስቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእርሱ ልጆች በቦታው ተተክተው ይወርሳሉ። ልጅም ሆነ የልጅ ልጅ ከሌለ አባትና እናት ይከተላሉ። ብዙ ሰው የሚደነቅበት ነጥብ የትዳር ጓደኛ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አለመሆኑ ነው፤ ሚስት ወይም ባል የሚወስዱት በጋራ ሀብት ውስጥ ያላቸውን ግማሽ ነው። ለምሳሌ በጋብቻ ውስጥ የተፈራና 3,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት ቢኖር፣ ባልም አራት ልጆች ወልዶ ቢሞት፣ 1,500,000 ብሩ በመጀመሪያ የሚስት ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው ቀሪው 1,500,000 ብር ሲሆን ለእያንዳንዱ ልጅ 375,000 ብር ይደርሳል፤ ከአራቱ አንዱ አስቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቶ እንደሆነ እያንዳንዳቸው 187,500 ብር ያገኛሉ። ባል ለሚስቱ ከግማሽዋ በላይ ሊተውላት ቢፈልግ መንገዱ ኑዛዜ ብቻ ነው።

ኑዛዜ በሕጉ ሦስት ዓይነት ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ ፎርም አለው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡ ወይም እርሱ እየነገረው በሌላ ሰው የሚጻፍ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ፣ ይህም ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ውስጥ የሚጠቀስ፣ ወዲያውም በሁሉም የሚፈረም ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ የተገኘ እንደሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ያለበት ሲሆን፣ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ሲሆን፣ ሊይዝ የሚችለው የቀብር ሥርዓትን፣ የአነስተኛ ልጆችን አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየም ይሻራል።

በደጋውም ሆነ በከተማው የተለመደው ኑዛዜ በሽተኛው በአልጋው ላይ ሆኖ ለነፍስ አባቱና ለጎረቤት ሽማግሌዎች ቤቱን፣ ከብቱንና ማሳውን በቃል የሚያከፋፍልበት ነው። ይህ ሥርዓት በሃይማኖትና በባህል ያለው ክብር ትልቅ ቢሆንም፣ በሕግ ዓይን ቤትን በቃል ማውረስ ከ500 ብሩ ገደብ በላይ ስለሆነ አይጸናም፤ ገደቡም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተለወጠ በመሆኑ ዛሬ ለአንድ በግ እንኳ አይበቃም። የነፍስ አባቱ ቃሉን በወረቀት ቢያሰፍሩት፣ ሦስት ሰው ጨምረው ለበሽተኛው ቢያነቡለት፣ “ለተናዛዡና ለአራታችን ተነቦ ተረጋግጧል” የሚል ቃል ከነቀኑ ቢያክሉበትና ሁሉም ቢፈርሙ ያው ኑዛዜ በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ ይሆን ነበር። በየፍርድ ቤቱ የሚወድቁ ኑዛዜዎች ከሚነቀፉባቸው ምክንያቶች አንዱ በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን የሚገልጸው ይህ ዐረፍተ ነገር አለመኖሩ ነው። ልጅን ከውርስ መንቀል፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ማስቀረት የሚፈልግ ተናዛዥም ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ ግዴታው ነው፤ ዳኛው ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን ይመዝናል፤ ምክንያት የሌለው ንቀላ ግን ፈራሽ ነው።

ከሞት በኋላ የሚመጣው ሂደት የውርስ ማጣራት ይባላል፤ አጣሪው ወራሾችን ይለያል፣ ንብረትና ዕዳ ይቆጥራል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ቀሪውን ለክፍፍል ያዘጋጃል። በክፍያው ቅደም ተከተል የቀብር ወጪ ቀዳሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕጉ የተዝካር ወጪ በቀብር ወጪ ውስጥ እንደማይቆጠር በግልጽ ስለሚናገር፣ አንዱ ልጅ ለአባቱ ተዝካር ብሎ ያወጣውን ገንዘብ ከሌሎቹ ድርሻ ላይ ለመቀነስ የሚያነሣው ጥያቄ በሕግ ዘንድ ቅድሚያ አያገኝም። ወራሽ መሆኑን የሚያስረዳው የወራሽነት ማስረጃ በፍርድ ቤት የሚሰጥ ሲሆን፣ ይህ ወረቀት ወራሽነትን የሚያስረዳ እንጂ የተወሰነ ቤት ባለቤት የሚያደርግ አይደለም፤ አንድ ወንድም እህቶቹን ሳይጠቅስ ቢያወጣውም ሌሎቹ ማስረጃው እንዲሰረዝ ለመጠየቅ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ጊዜ የራሱን ፍርድ ይሰጣል። ወራሽ ያልሆነ ሰው የያዘውን የውርስ ንብረት ለማስመለስ እውነተኛው ወራሽ የሚያቀርበው ክስ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት፣ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ሟቹ ከሞተበት ወይም መብቱን ሊሠራበት ከቻለበት ቀን ጀምሮ በ15 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ከዘር የተላለፈ የማይንቀሳቀስ ንብረት በዚህ ረገድ የተለየ ቦታ ተሰጥቶታል። ደንቡ በወራሾች መካከል እንዴት እንደሚሠራ ሰበር ሰሚ ችሎቱ የሰጣቸው ትርጓሜዎች ብዙ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ ተማምኖ መዘግየት አደገኛ ነው። በተግባር የሚታየው ግን ሐዘኑ ይውጣ፣ ዓመቱ ይድረስ፣ እናታችን በሕይወት ሳለች ነውር ነው እየተባለ ዓመታት ማለፋቸው ነው። ዝምታው ለወላጅ ካለ አክብሮት የመጣ ቢሆንም፣ ይርጋ አክብሮትን አይቆጥርም፤ ቤተሰቡ ክፍፍሉን ማዘግየት ከፈለገ የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ የታወቀ መሆኑን በጽሑፍ ተማምኖ ሊያቆየው ይችላል።

በሥራ ጉዳይ የጽሑፍ ቦታ ከዚህ ይለያል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ይችላል፤ አሠሪው በጽሑፍ ካላደረገው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ከዚህ የተነሣ በጎንደር ሆቴል የምትሠራ አስተናጋጅም ሆነች ለሰሊጥ አጨዳ ከወገራና ከዳባት ወደ መተማ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ወረቀት የለኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባውም፤ የደመወዝ መዝገብ፣ የባንክ ዝውውር፣ የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት የሥራ ግንኙነቱን ያስረዳሉ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ የወሊድ ፈቃድም 30 ቀን ከመውለድ በፊትና 90 ቀን ከወለዱ በኋላ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የጥምቀት በዓል ሲደርስ ከተማዋ በእንግዳ በምትሞላበት ሰሞን ሌሊቱን የሚሠሩ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ይህን ስሌት ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

የሥራ ውል ሲቋረጥ የሚነሣው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ማቋረጡ ሕጋዊ ነው ወይ፣ ምንስ ይከፈላል የሚሉት ናቸው። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት የተሰናበተ እንደሆነ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ካልተመለሰ የ180 ቀን ደመወዝ ካሣ እንዲከፈለው ሊወሰንለት ይችላል። የሥራ ስንብት ክፍያ በሕጉ በተዘረዘሩ ሁኔታዎች የሚከፈል ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ ሲሶ እየታከለ ከ12 ወር ደመወዝ የማይበልጥ ነው። በወር 6,000 ብር እየተከፈለው 7 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት ስድስት ዓመታት 2,000 ሲባዛ በ6 ማለትም 12,000፣ በጠቅላላው 18,000 ብር ያገኛል። እነዚህን መብቶች የሚበላው ይርጋ ነው፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ካልቀረበ ይታገዳል። ለሁለት ዓመት ትርፍ ሰዓት ሳይከፈለው የሠራ ሰው ከአሠሪው ጋር ላለመጣላት ሲል ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ ቢከስ፣ አሠሪው ይርጋ ካነሣበት ከመክሰሱ በፊት ካለው ስድስት ወር የቀደመውን አያገኝም። በአንጻሩ ሠራተኛው ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ከዚህ አዋጅ ጥላ ውጭ የቀሩ ሰዎች መኖራቸው መዘንጋት የለበትም። በየቤቱ የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ከደጋው ወረዳዎች ለትምህርትና ለኑሮ ወደ ጎንደር የሚመጡ ወጣት ሴቶች፣ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩ በመሆናቸው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈኑም፤ የሚገዛቸው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቤት ሠራተኞች የደነገጋቸው ጥቂት አንቀጾች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኞችም በራሳቸው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራሉ።

ሥራና ውርስ የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ ይኸውም ሠራተኛ ሲሞት ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡ ሲሆን፣ ከዚህ የሚገኘው የተተኪዎች አበል ሕጉ ለለያቸው ለትዳር ጓደኛ፣ ለአነስተኛ ልጆችና ለወላጆች የሚከፈል እንጂ በኑዛዜ የሚተላለፍ ሀብት አይደለም። ሠራተኛው ሳይቀበለው የሞተበት የስንብት ክፍያም ለጥገኞቹ ይከፈላል። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወራሽ ያልሆነች ሚስት በጡረታ ሕጉ ዘንድ ቀዳሚ ተተኪ ትሆናለች፤ ይህን የምታስረዳው ግን በጋብቻ ማስረጃ ስለሆነ፣ ጋብቻን ማስመዝገብ ለሴቶች የመብት ሁሉ መነሻ ነው።

ጉዳዩን ወዴት መውሰድ እንደሚቻልም ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ደረጃ ብዙው የቤት፣ የመሬትና የውርስ ክርክር የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ይግባኝ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከበየዳና ከጃናሞራ ለሚመጣ ገበሬ የደባርቅ መንገድ ብቻውን ወጪ ነው፤ ለዚህም ነው ሽምግልና በደጋው ትልቅ ዋጋ ያለው። ሕጉም እርቅን ያከብራል፤ በሕግ የተደረገ የእርቅ ስምምነት እንደ መጨረሻ ፍርድ የጸና ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርገው ካላስፈረሙ የታረቀው ነገር ነገ ይካዳል። በቤተሰብና በግል ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ፈቃደኛ ከሆኑ በሃይማኖት ፍርድ ቤት መዳኘትን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ስለሚፈቅድ፣ ሙስሊሞች የጋብቻና የውርስ ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ፈቃዱ የሁለቱም ወገን መሆን አለበት። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ሊያመለክት ይችላል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍም ክስና መልስ ማጻፊያ ለሌለው ሰው በር ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ የቤት ሕጉ ጽሑፍን የውል መጽኛ ያደርገዋል፣ የውርስ ሕጉ ጽሑፍንና ምስክርን ያጣምራል፣ የሥራ ሕጉ ደግሞ ጽሑፍን ትቶ ጊዜን አጥብቆ ይቆጥራል። ከዚህ የሚወጣው ተግባር ቀላል ነው፤ ባልና ሚስት የካርታቸውንና የደብተራቸውን ስም ዛሬ ይመልከቱ፤ ኑዛዜ ያሰበ ሰው ጤናው ሳይጓደል አራት ምስክር ጠርቶ ያስነብብ፤ ወራሾች በሐዘኑ ዓመት ውስጥ ድርሻቸውን በጽሑፍ ይተማመኑ፤ ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ሦስት ወሩ ሳያልፍ ያመልክት፤ የነፍስ አባቶችና ሽማግሌዎችም የሰሙትን ቃል በወረቀት ያስፍሩ። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ጉዳዩን ለዳኛ ትቶ ያልፋል፤ ዳኛውም የሚፈርደው ሕጉ በሚቀበለው ማስረጃና ሕጉ በወሰነው ጊዜ ብቻ ነው።